ግማሽ ዙር የላላ ብሎን

ከሆሳዕና የወጣሁት እንደ ሌላው ሰው በሌሊት አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ ሳለሁ ደላላው ደወለና "ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ቶሎ ውረድ" አለኝ። ጣሪያ ላይ መሆኔን በምን አወቀ? እስከ ሞያሌ ድረስ ይህንኑ ሳብሰለስል ሄድኩ።

ጣሪያው የቤታችን ነበር። ለእናቴ ዲሹን ለመጨረሻ ጊዜ እያስተካከልኩላት ነው። ባለቤቴ ምሕረት ከታች ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ የሲግናሉን ጥራት እያነበበች "ኳሊቲ ሰባ! ሰባ አምስት!" እያለች ትጮሃለች። ሰማንያ ሲገባ ብሎኑን በአሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ አጠበቅሁትና ቁልፉን ለእሷ ሰጠኋት። ነፋስ ቢያዞረው ምን እንደምታደርግ፣ የትኛው ብሎን እንደሚላላና እንደሚጠብቅ አሳየኋት። እንባዋ ጉንጯ ላይ እያለ እጄን በደንብ አየችው፤ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ይህን የምታነቡ የአገሬ ሰዎች ይቅር በሉኝ። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ታምራት ዲሽ ስንሰቅል ሁልጊዜ አንዱን ብሎን ግማሽ ዙር አላልተን እንተወው ነበር። ዛሬ ይሠራል፣ ነገም ይሠራል፤ ነፋስ ሲነሣ ግን ሳህኑ በጣት ስፋት ይዞርና ቻናሉ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ያኔ እኛ እንጠራለን። ነጻ ቻናል ካርድ የለው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለው፤ አንዴ ከተሰቀለ በኋላ ባለሙያ በምን ይኖራል? እንዲህ እያልን ኅሊናችንን እናባብላለን። ሞርሲቶ ውስጥ አንድ መምህር ቤት ጣሪያ ላይ ስንቴ እንደወጣሁ እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ እኔም በዚህ ሙያ ምክንያት ሰው ማመን እንዳቃተኝ ነው የተሰደድኩት።

መንገዱን አላረዝመውም፤ የሄደ ያውቀዋል፣ ያልሄደም ባያውቀው ይሻለዋል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ማላዊ ድንበር ላይ ፖሊስ ቦርሳዬ ውስጥ የዲሽ ዓይን አገኘ፤ ከሳህኑ ፊት ቆሞ ሲግናሉን የሚቀበለውን ማለቴ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለቴሌቪዥን ነው።"

"ቴሌቪዥኑስ የት አለ?"

"የለኝም።"

"ቴሌቪዥን የሌለው ሰው ምን ሊያይበት ይዞት ይዞራል?" ብሎ ወሰደብኝ። ተናደድኩ እንጂ አልፈረድኩበትም፤ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

ደቡብ አፍሪካ ገብቼ ደርባን አጠገብ፣ እዚያ ያለው ሐበሻ "ሎኬሽን" በሚለው የድሆች ሰፈር፣ ከሌሎች ሁለት የሆሳዕና ልጆች ጋር ትንሽ ሱቅ ያዝኩ። የስደተኛ ወረቀት ልጠይቅ ስሄድ ጸሐፊዋ አገሬ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ።

"ዲሽ እሰቅላለሁ። ሰው በነጻ ቻናል እንዲያይ።"

"በነጻ? ታዲያ የምትሰርቁት ከማን ነው?"

"ከማንም። ከሰማይ ነው የሚመጣው።"

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "ከሰማይ በነጻ የሚመጣ ዝናብ ብቻ ነው" አለችና ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ የሚል ማኅተም መታችልኝ።

የሱቁ አከራያችን አሮጊት ናት፤ ጎጎ ነው የምንላት፣ በእነሱ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ታበላኛለች፤ ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው፣ አታካና በሚባለው በቅቤ የራሰ የሀዲያ ምግብ ላደገ ሆድ ቅጣት ነው። የሐምሌው ብርድ ግን የሆሳዕናን ይመስላል፣ ጭቃው ብቻ ጎደለው። የጎጎ ቴሌቪዥን የሚሠራው በካርድ ነው። ካርዱ ዲኮደሩ ውስጥ ካልገባ ምስል የለም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መዝዛ ታወጣውና ጡት መያዣዋ ውስጥ ትሸጉጠዋለች።

"ጎጎ፣ ካርድ እኮ በማየት አያልቅም" አልኳት።

"ልጄ፣ እዚህ አገር በማየት የማያልቅ ነገር የለም" አለችኝ።

ነጻ ቻናል ልፈልግላት ጣሪያዋ ላይ ወጥቼ ነበር፤ የአገር ቤቱ ከዚያ አልያዝ አለኝ። የስንቱን የሆሳዕና ሰው ዓይን ያበራሁ ሰውዬ የአንዲት አሮጊት ካርድ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሰፈሩ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ረብሻ ተነሥቶ ሱቃችን ተዘረፈ። አራት ቀን ከተማ ውስጥ ሐበሾች ቤት ተደብቀን ሰነበትን። ለቤቴ አልተናገርኩም፤ እናቴ ደም ግፊት አለባት። ስደውል "ሰላም ነው፣ ሥራ ትንሽ ቀዝቅዟል" አልኩ። ምሕረትም "እኛም ሰላም ነን፣ ዲሹ ብቻ ተበላሽቷል" አለችኝ። ሱቁን እንደገና አቋቋምን። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሰፈር ረብሻ አለ ተብሎ ሱቅ ዘግተን ስንቀመጥ ደወልኩ፤ ዲሹ ተበላሽቷል። ባለፈው ማን ሠራው ስላት ታምራት አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሱቅ ዘግቼ ስደውል አሁንም ተበላሽቷል፣ አሁንም ሊጠራ የታሰበው ታምራት ነው።

ሥራ የፈታ ሰው መጠርጠር ይችልበታል። መጀመሪያ ታምራት የድሮ ጥበባችንን በገዛ ቤቴ ላይ ጀመረ አልኩ። ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ለመጻፍ ያሳፍራል። ዲሹ ሰበብ ቢሆንስ?

ሆሳዕና ገበያው አጠገብ የዲሽና የሪሲቨር ሱቅ ያለው ሸምሱ የሚባል የጉራጌ ነጋዴ የድሮ አሠሪዬ ነው። ታምራት ከመምጣቱ በፊት ወጥተህ እይልኝ ብዬ ለመንኩት። ያንን ሰውነቱን ይዞ መሰላል ወጣና ደወለ።

"ማርቆስ፣ ብሎኑ ግማሽ ዙር ላልቷል። የቁልፍ ጭረትም አለበት፣ አዲስ ነው። ነፋስ አሥራ ሦስት ቁልፍ አይዝም ወንድሜ።"

ወዲያው ለምሕረት ደወልኩ።

"ታምራት እዚያ ቤት የሚመላለሰው ለምንድን ነው?"

"ዲሽ ሲበላሽ ነዋ።"

"ለምን ይበላሻል?"

በልጃችን ስም ጠራችኝ። "የኢዮብ አባት፣ የምትጠይቀኝ ስለ ዲሹ ነው?"

"ስለ ዲሹ ነው" አልኳት። ዋሸሁ፣ መዋሸቴንም አወቀች።

"እንግዲያው ነፋስ ነው" ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ስደውል ስልኩን ለእናቴ እየሰጠች መሄድ ጀመረች።

እኔም እልህ ያዘኝ። ሸምሱን "በያጅ ላክልኝ፤ ዲሹን አስተካክሎ ከነምሰሶው ይበይደው" አልኩት። በማግስቱ አስበየደልኝ፣ ፎቶውንም ላከ። የሚላላ ብሎን የለም፣ ታምራትም መምጫ ሰበብ የለውም። ከወራት በኋላ ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ረብሻው በጠራራ ፀሐይ የእኛን መንገድ ያዘ። ሱቁን እንኳ ሳልቆልፍ ሮጥኩ። ጎጎ ክንዴን ጎትታ ቤቷ አስገባችኝና በሩን ቀረቀረች። ከዚያ ያን ካርድ ከጡቷ ሥር አውጥታ ዲኮደሩ ውስጥ ከተተችው።

"ቁጭ በልና እይ። ውጭ ግን አትውጣ" አለችኝ።

ዜና ላይ የሚያሳዩት የእኛን መንገድ ነው። ሰው ይሮጣል፣ ዱላ የያዘ ያሳድዳል፣ ሰማያዊው የሱቃችን በር ተገንጥሏል። ስልኬ ጠራ፤ ምሕረት ናት።

"ሰፈራችሁን እያሳዩ ነው። የት ነህ?"

"ጎጎ ቤት፣ ደኅና ነኝ። ምሕረት፣ እማ እንዳታይ፣ አጥፊው!"

"በምን ላጥፋው?" አለችኝ። "ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ሪሲቨሩን ብነቅለው መልሰው ይሰኩታል። እንደነገርከኝ እንደ ጎጎ ቴሌቪዥን አይደል፣ ካርድ መዝዤ አላወጣ! እኔ የነበረኝ ያ ቁልፍ ብቻ ነበር።"

ወዲያው አልገባኝም። እያለቀሰች አስረዳችኝ። በመጀመሪያው ዘረፋ ጊዜ እናቴ ዜናውን አይታ ወድቃ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች፤ ለእኔ እንዳይነግሩኝ ሁሉንም አስምላቸዋለች። ምሕረት ያኔውኑ፣ እናቴ ከሆስፒታል ሳትወጣ ብሎኑን አላላችው፤ ከዚያ ወዲህም ረብሻ መኖሩን በስልኳ ስታይ ቀድማ ጣሪያ ትወጣለች፣ እኔ ያሳየኋትን ብሎን ታላላለች። ነገሩ ሲበርድ ታምራትን ትጠራለች። ዲሽ ተበላሸ ሲባል ማንም አይመረምርም፤ ነፋስ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ መዘረፍህን ነገርከን?"

እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት።

"ማርቆስዬ፣ በሕይወት አለህ?"

"አለሁ እማ፣ ምንም አልሆንኩም።"

"ዛሬ ምስሉ በጣም ጥርት ብሏል" አለችኝ። "የሚሮጠው ሁሉ አንተን ይመስለኛል።"

አለቀስኩ። ጎጎ እናቴ ምን እንዳለችኝ ሳትሰማ ገብቷት ጀርባዬን ታሻሸኝ ነበር። ስልኩ ወደ ምሕረት ሲመለስ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በጠረጠርኳት ሁሉ፣ ባልጻፍኩትም ጭምር። ለሸምሱ አሁኑኑ ደውዬ በያጁ ዲሹን ቆርጦ እንዲያላቅቀው አደርጋለሁ አልኳት።

"በያጁን ተወው" አለች። "ያስበየድከው አንተ ነህ። አንተው መጥተህ ንቀለው።"

ወረቀቴ ላይ ያለው ማኅተም አሁንም ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ ይላል፤ በዚያ ወረቀት ደግሞ አገር ቤት ደርሶ መመለስ አይቻልም። ለምኜው ሸምሱ ሁለት ጊዜ በያጅ ልኮ ነበር፤ ምሕረት መሰላሉን ደብቃ ከደጅ መለሰቻቸው።