አልወርድም ያለው ግፊት

ባሌ ጀልባ ሠሪ ነው፤ ሚስማር ሲመታ እንጂ ሲያወራ አይሰማም። ዝምተኛ ሰው እውነተኛ ይመስላል። እኔም አርባ ዓመት እንደዚያ መስሎኝ ኖርሁ።

የደም ግፊቱ ሕክምና በአንድ ክኒን ተጀምሮ ሦስት ደረሰ፤ ግፊቱ ግን ወይ ፍንክች። ሳንቃ ላይ ያሰመረውን መስመር በጣቱ እየዳሰሰ መፈለግ ሲጀምር ፈራሁ። ዓይኑ ከሄደ ሥራው ቀረ፤ ሥራው ከቀረ እሱም ቀረ። ሰፈራችን ደግሞ ሐኪም ሞልቶታል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ሌላዋ የሐይቁ ንፋስ ነው ትላለች፤ እሷ ራሷ ስኳሯን በማር የምታክም ናት። አንዳቸውንም ሳልሰማ ባሕር ዳር መሐል ከተማ ሆስፒታል ወሰድሁት።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። “አልወርድም የሚል ግፊት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እውነትም መድኃኒት የማይበግረው፣ ሌላው የማይበግረው የሚመስል። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ አራተኛ መድኃኒት አልጨምርም” አለች።

“የሚመስል” ስትል ጆሮዬ ቆመ። የባሌ ክንድ መጥረቢያ ሲያነሣ የኖረ ክንድ ነው፤ መለኪያው ጨርቅ ጠበበውና ሰፊ አስመጣች። ሽንት ቤት ላከችው። ጀርባውን አስደግፋ፣ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ አምስት ደቂቃ ዝም አሰኘችው። እኔንም ዝም አሰኘችኝ፤ የከበደው ይኼኛው ነበር። የሕመም ማስታገሻ ይወስድ እንደሆነ፣ ጨው ያበዛ እንደሆነ ጠየቀች። ማስታገሻ አይወስድም፤ ጨዉ ደግሞ በእኔ እጅ ነው። ግፊቱ ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ አሁንም ከፍ ያለ ነው።

“ክኒኑን ይውጣሉ?” አለችው።

“ይውጣል!” አልሁ እኔ። “ጧት ጧት በእጄ እሰጠዋለሁ፣ ውኃውን እኔ እቀዳለሁ፤ የዛሬውን ብቻ ስንቸኩል አልሰጠሁትም። ወላሂ ይውጣል!”

“እማማ፣ የጠየቅሁት እሳቸውን ነው።”

“እውጣለሁ” አለ፤ መሬት መሬት እያየ።

“እንግዲያው የዛሬውን እዚሁ ፊታችን ይዋጡት። ከዚያ እየለካን እንውላለን።”

ደሜ ፈላ። “ድሃ ሲታመም መጀመሪያ የምትመረምሩት ውሸቱን ነው!” አልኋት። “ሀብታም ቢመጣ ዋጥህ ወይ ብላችሁ ታፋጥጡታላችሁ?” ኮሪደሩ ሁሉ ሰማኝ።

እሷ ግን አልተቆጣችም። “የገዛ አባቴንም ጠይቄያለሁ” አለች።

ነርሱ ሦስቱን ክኒን ሰጠው። ባሌ አፉ ውስጥ ጣላቸው፣ ውኃ ጠጣ፣ ጉሮሮው ወጣ ገባ አለ። “ይኸው!” አልሁ ኮርቼ።

“አባባ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።”

“የገበያ በቅሎ ነው እንዴ!” ብዬ ተነሣሁ። ነርሱ ዞሮም አላየኝ።

“ምላስዎን ያንሡ። እሺ... ከጉንጭዎ ያለውስ?”

ከጉንጩ ሁለት ክኒን ወጣ።

አፌን ይዤ ተቀመጥሁ። ሌላ ሁለት ሰጡት፤ አሁን እውነት ዋጠ። በየሰዓቱ ለኩት። ቀትር ላይ ላብ በላብ ሆነ፤ ራሴን አዞረኝ አለ። አስተኝተው እግሩን ከፍ አደረጉለት። ያ አልወርድም ያለ ግፊት ወርዶ ወርዶ ከልክ በታች ሆኗል። መድኃኒቱ ሰነፍ አልነበረም።

“ለምን ነው ክኒኑን በጉንጭህ የምታስቀምጠው?” አልሁት፤ እንደተኛ።

“ለወንድሜ።”

ወንድሙ የመንገደኛ ጀልባ ይነዳል። እሱም ግፊት አለበት፤ ነገር ግን ካርድ ካወጣሁ ወሬው ባለጀልባው ዘንድ ደርሶ መሪውን ይነጥቀኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ባሌ በየቀኑ አንዱን ይውጣል፣ ሁለቱን በጉንጩ ይዞ ከቤት ይወጣል። ከዚያ ሳንቃ ላይ ፀሐይ ያሰጣቸዋል፤ ሲደርቁ ለወንድሙ።

“ክኒኑን እንደ ዓሣ ቋንጣ አደረግኸው? በምራቅህ የራሰውን?”

“ወንድም ነው፤ አይጸየፈኝም።”

“እኔን በሐሰት ስታስምለኝስ ራስህን አልተጸየፍህም?”

ወንድሙን መውደዱን አልነቀፍሁም። ግን ሁለት በሽተኛ የአንድ ሰው መድኃኒት ሲካፈል ሁለቱም አልታከሙም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ ሁለት ሽበታም አላወቀውም። ዶክተሯን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ደስ ብሎኝ አይደለም።

በማግሥቱ ወንድሙን ጀልባው አጠገብ እንደቆመ ያዝሁት። “ካርድ ታወጣለህ፤ አለዚያ ለመንገደኛው ሁሉ እናገራለሁ።”

“እትዬ፣ እንጀራዬን ልትቆርጪ ነው?”

“ሐይቁ መሐል ተዝለፍልፈህ ብትወድቅ የስንቱ እንጀራ ይቆረጣል? ልጅ ታቅፈው የሚሳፈሩት ሰዎች ማወቅ አይገባቸውም?”

እያጉረመረመ አወጣ።

ባሌ በደንብ መዋጥ ሲጀምር ግፊቱ ልክ ገባ፤ እንዲያውም ዶክተሯ አንዱን ክኒን ቀነሰችለት። ዓይኑ እንደ ድሮው ባይሆንም መስመሩን ያያል። የወንድሙ ግን በራሱ ካርድ፣ በራሱ ሦስት ክኒን፣ ወራት ቆይቶም አልወርድ አለ። ይኼኔ ወደ እኔ መጣ።

“እትዬ፣ ወላሂ እውጣለሁ። ለዶክተሯ መስክሪልኝ።”

“ለማንም ጉንጭ አልመሰክርም። ሂድና ፊታቸው ዋጥ።”

ሄደ፤ ዋጠ፤ አፉን ከፍቶ አሳየ፤ ሲለካ ዋለ። አልወረደም። ቤቱም ሲለካ ሰነበተ፤ ያው ነው። “ይህ እውነተኛው ነው” አለች ዶክተሯ፤ ኩላሊቱንና እንደ ማንም ሰው ኩላሊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ዕጢ ሊመረምሩለት ቀጠሩት። የዚያኑ ዕለት ማንም ሳያስገድደው ባለጀልባው ዘንድ ሄዶ ተናገረ። ግፊቱ እስኪስተካከል መሪውን ለሌላ ሰጠበት።

አሁን ከመንገደኛው ጋር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይሻገራል። እኔን ሲያይ ፊቱን ወደ ውኃው ያዞራል። ያዙር። ከሁለቱ ወንድማማቾች መናቅ የተውሁት ሳይገደድ የተናገረውን እሱን ብቻ ነው።