የዶክተር ነቀዝ የድጋፍ ደብዳቤ

የሰማህ ላልሰማ፣ የነቃህ ለተኛ ንገር! የባቄላ ዘበኛ፣ የአንድ ማቀዝቀዣና የአንድ እግረ ሰባራ ወንበር ገዥ፣ ሰፈሩ «ዶክተር ነቀዝ» የሚለው ታላቅ ሰው፣ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት ሊያመለክት ተነሥቷል!

ቦታው አንድ ነው፤ ለሁለት ዓመት። ካላገኘው በወሩ መጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ይወጣል። ለምርምር ብሎ ስድስት ዓመት ያሳደጋቸው የባቄላ ነቀዞችም ቆሻሻ ገንዳ ይገባሉ።

እናቱ ነገሩ አልገባቸውም።

«ዶክተር ሆንክ አይደል እንዴ? ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን አለ?»

«ድኅረ ዶክትሬት አለ፣ እማዬ።»

«እኔ ከዚያ በኋላ የማውቀው መቃብር ነው። ምናለ ሚስት እንኳ ብትፈልግ!»

ማመልከቻው የአለቃውን፣ የፕሮፌሰሩን፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። በዚያ ግቢ ደንብ ደግሞ ደብዳቤውን አመልካቹ ራሱ ይጽፋል፤ ፕሮፌሰሩ ይፈርማሉ።

«ጽፈህ አምጣ። ለራስህ እንዳትሰስት!» አሉት ኮታቸውን እየለበሱ።

ተፎካካሪው፣ የጎረቤት ቤተ ሙከራ ባልደረባ፣ ስለ ራሱ «በትውልድ አንዴ የሚገኝ» ብሎ በግማሽ ሰዓት ተገላገለው። የኛው ጉድ ግን ሦስት ቀን አማጠ። ሳይንቲስት ነዋ! «ታታሪ ነው» ብሎ ጻፈና ሰረዘ፤ ከማን ጋር ተነጻጽሮ? በመጨረሻ እንዲህ ወለደ፦ «አመልካቹ ጥሩ ተመራማሪ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም የታየው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ድምዳሜውን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።»

ፕሮፌሰሩ ሳያነቡ ፈረሙ። መራጩ ኮሚቴ ግን፣ ወይ መዓት፣ አነበበ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ፋይሉን ስትመልስለት አንጀቷን በላት። «ወንድሜ፣ ሰውዬውን ምን ብትበድላቸው ነው እንዲህ የጻፉብህ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ራስህን ምን በደልከው?»

ቦታውን በትውልድ አንዴ የሚገኘው ወሰደው፤ ማቀዝቀዣውን ጭምር። ዶክተሩ ነቀዞቹን በብልቃጥ ታቅፎ እናቱ ጓዳ ገባ።

«ሰው ነቀዝ ከቤቱ ያስወጣል፤ የኔው ዶክተር ያስገባል!» አሉ እናት። «እስከሚቀጥለው የሥራ ማስታወቂያ ብቻ ነው የምታገሣቸው!»

ፕሮፌሰሩም ለዚያው ማስታወቂያ መላ አላጡም። «አንተ ብዕር እንዳትነካ። ማንም ይጻፈው፤ እኔ እፈርማለሁ።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዶክተሩን በዓይንህ አይተኸው አታውቅም፤ ነቀዝና ጉንዳንም አትለይም። ለድጋፍ ደብዳቤ ከአንተ የተሻለ ሰው ከወዴት ይመጣል? እባክህ፣ አንድ ወረቀት አውጣና «በትውልድ አንዴ» ከሚለው ጀምረህ...