አባዬ ለካሜራው ሰላምታ ሲሰጥ

ካሜራውን የገዛሁት ሞያሌ ነው። ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። ጨርቅ ላመጣ ሄጄ ሻጩ ከመደርደሪያው ስር ከልብስ ሳሙና የማይበልጥ ጥቁር ነገር አወጣና «ይሄ ኤችዲ ነው» አለኝ። ኤችዲ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጥራት» አለ። ምን ዓይነት ጥራት ስለው «የዝንብ እግር ይቆጠርበታል» አለኝ። የዝንብ እግር ቆጥሬ ምን እንደማደርገው ባላውቅም፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺዎች ትከሻቸው ላይ ከሚሸከሙት አንጻር በነፃ የተሰጠኝ ያህል ነበርና ኪሴ ከትቼው ነገሌ ገባሁ።

ነገሌ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። አባዬ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈታት፣ ጀርባው ሲበላሽ ለእኔ ለአንዲት ልጁ የለቀቃት ናት። ሐኪሙ በእኛ መንገድ መኪና ላይ እንዳይወጣ ከልክሎት ነበር፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው በሐኪሙ አይፈርድም። አባዬ ግን መሄድ የሚፈልግበት አንድ ቦታ ነበረው።

ከያቤሎ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር፣ አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። አባዬ በወጣትነቱ ባዶ እጁን እዚህ አገር ሲመጣ ቤታቸው ያሳረፉት፣ ኦሮምኛ ያስተማሩት፣ ወተት እንዴት ተቀብሎ እንደሚጠጣ ሳይቀር ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ሰላሳ ዓመት እንደ ወንድማማች ኖሩ። ከዚያ የሽማግሌው የመጀመሪያ ወንድ የልጅ ልጅ ስም የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ጉቢሳ ይሉታል፤ ትልቅ ድግስ ነው። አባዬ ተጠርቶ ቀረ። ለእሱ የተያዘው ቦታ ባዶውን ዋለ። መኪና ተበላሽቶብኝ ነው ብሎ ሰው ላከ። ሽማግሌው መልስ አልላኩም፤ አስር ዓመት ሙሉ አልላኩም።

አባዬ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ከዚያ አካባቢ የመጣውን ሁሉ «ደህና ነው?» ይላል። «ትንሽ አሟቸዋል» ካሉት ቀኑን ሙሉ ሰው አያናግርም። ሳንታረቅ አንዳችን እንሄዳለን ብሎ ፈርቷል። ደብዳቤ እንዳይልክ ሽማግሌው አያነቡም፤ ስልክ እንዳይደውል ኔትወርክ ያኔ እዚያ አይደርስም። ካሜራውን ሳሳየው አገላበጠውና «በዚህ ፊቴን ያያል?» አለኝ። ያያሉ አልኩት። «ቃሌንስ ይሰማል?» ይሰማሉ። «እንግዲያው ነገ» ብሎ ጢሙን ሊላጭ ገባ።

ቀረጻ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ መጠበቅ ነው፣ ሌላ ምን አለው ብዬ። በመጀመሪያው ቀን አባዬን ሱቁ በር ላይ፣ ፀሐይን ከጀርባው አድርጌ አስቀመጥኩት። ሲታይ ጀርባው ያለው መንገድ ቁልጭ ብሎ፣ አህያው፣ ባጃጁ ሁሉ አምሮበት፣ አባዬ ግን ከሰል ሆኖ ወጣ። ከሰልነቱስ ይሁን፣ አንዲት ቃል አልተናገረም። አባዬ በዕድሜው የሚያውቀው የፎቶ ቤት ካሜራ ነው፤ ለመታወቂያ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አገጩን ቀና፣ ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ሦስት ደቂቃ ዓይኑን ሳያርገበግብ ተቀመጠ። «ተናገር እንጂ» ስለው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «አነሳሽኝ?» አለኝ።

በማግስቱ ፀሐይን ወደ እኔ ጀርባ አዞርኩና፣ አባዬ እንዳይደነግጥ ብዬ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ዙም በሚሉት ማቅረቢያ አቀረብኩት። ምስሉ የወንፊት ቀዳዳ መሰለ። እጄ ትንሽ በነቃነቀ ቁጥር አባዬ ከወንበሩ ዘሎ ይመለሳል። ድምፁን ደግሞ ተዉት። የተቀዳው የነገሌ ነፋስ ነው፤ አባዬ በመሃል በመሃል አንዳንድ ቃል ያዋጣል። ጎረቤቶች ተሰብስበው ምክር ይሰጡኛል፣ እኔ ቆሽቴ አርሯል። ያን ነገር አውጥቼ ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

ግን እልከኛ ነኝ፤ ይህን ነገሌ በሙሉ ያውቃል። ሳምንት ሙሉ ከዚያች ካሜራ ጋር ታገልኩ። ቀስ በቀስ ጠባይዋ ገባኝ። ማቅረቢያውን አትንኪ፣ ራስሽ በእግርሽ ሂጂና ቅረቢ። ድምፅ ከፈለግሽ ከአንድ ክንድ አትራቂ። መስታወቷን በጣት አትጥረጊ፤ በተረፈ የጥጥ ጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቅ መቼም ሞልቶሻል። በእጅ ከያዝሽ ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ። የመጨረሻውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አባዬን ሱቁ ውስጥ፣ በጣቃ ጣቃ በተደረደረው ጨርቅ መሃል፣ ፊቱን ወደ በሩ ብርሃን አድርጌ ሳስቀምጠው ድምፁ ጥርት አለ። ጨርቁ የገበያውን ጫጫታ ዋጥ ያደርገዋል። ካሜራዋን በርጩማ ላይ ባነባበርኳቸው ሁለት ጣቃ አቡጀዲ ላይ አስቀመጥኩ። ምን አለፋችሁ፣ የጢሙ ሽበት አንድ በአንድ ታየ። ሻጩ አልዋሸም።

አባዬም በዚያን ቀን ተናገረ። በኦሮምኛ፣ እንደ ወጉ፣ ከሰላምታ ጀመረ። «አካም? ናጋ?»፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው፣ አለና ዝም። እኔ የሚለው የጠፋበት መስሎኝ በእጄ ቀጥል አልኩት። ዝም። ከቆይታ በኋላ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ከብቱስ ደህና?» አለ። አሁንም ዝም። ዝናቡስ ጣለ? ዝም። የጉድጓዱ ውኃስ? ዝም። ልጆቹስ? እያንዳንዱን ይጠይቃል፣ ከዚያ ካሜራዋን እያየ ይቀመጣል።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ማንም የለም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«እስኪመልስ ነዋ። ሰው ጠይቀሽ ሳይመልስ ትተሽው ትሄጃለሽ? እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?»

ሰላሳ ስምንት ደቂቃ ተቀረጸ። መጨረሻው ላይ «ያን ቀን ባለመምጣቴ ይቅር በለኝ» አለና እንደገና ረጅም ዝምታ። በሰዓት ያዝኩት፤ ንግግሩ አስራ አንድ ደቂቃ ነው፣ የቀረው አንድ አዛውንት ጨርቅ መሃል ተቀምጦ ካሜራ ሲያይ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም አልኩ። የሠርግ ቪዲዮ ወደሚያቀናብሩበት ፎቶ ቤት ወስጄ ዝምታውን ሁሉ አስቆረጥኩ። ውኃ የመሰለ ነገር ሆነ፤ አባዬ ሳይደናቀፍ፣ ሳይጠብቅ፣ እንደ ራዲዮ ዜና ይወርዳል። የተቆረጠውን ካሜራዋ ላይ መልሰው ጫኑልኝ፤ ያልተቆረጠውንም እንዳይጠፋ ብዬ እዚያው ተውኩት። ለአባዬ አልነገርኩትም። በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ወደ ሽማግሌው ስሄድ፣ የልቤን አልደብቅም፣ ለራሴ እያጨበጨብኩ ነበር።

ሽማግሌው ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ወተት ሰጡኝ፣ በወጉ ተቀበልኩ። የአባቴን ስም ሳነሳ ፊታቸውን ወደ በረቱ አዞሩ። ፊቱን ይዤ መጥቻለሁ ስላቸው ግን ዓይናቸው ካሜራዋ ላይ አረፈ። ችግሩ፣ መስኮቷ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ በዚያ ፀሐይ ደግሞ ምንም አይታይባትም። ስለዚህ ዛፍ ስር ተቀምጠን አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናነብን። ውጭ የቤቱ ሰው ሁሉ ቆሞ እየሳቀ፣ እኔና እኚህ የተከበሩ ሰው ድንኳን ውስጥ እንዳሉ ሕፃናት ተጎንብሰን አስጀመርኩት።

«አካም? ናጋ?» አለ አባዬ።

ሽማግሌው ፊታቸው ፈታ አለ። «ናጋ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አባዬ ከብቱ ላይ ደረሰ። ስለ ከብቱ «ደህና» ማለት ሲጀምሩ እሱ ዝናቡን አልፎ ጉድጓዱን ይጠይቃል። ጉድጓዱ ላይ ሊደርሱበት ሲሉ ልጆቹ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጠው ተነሡ።

«አልተለወጠም» አሉ። «ይጠይቃል፤ መልሱን ግን አይፈልግም። ያን ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሰው ላከ እንጂ እኔ የምለውን ሊሰማ አልመጣም።»

አባዬ ያንን ሁሉ ቁጭ ብሎ የጠበቀውን እኔ፣ ብልጧ፣ በመቀስ አስቆርጬ የማይሰማ ሰው አደረግኩት። ቤት ተመልሼ ምን ልለው ነው? አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ሽማግሌው ወደ በረቱ ጀርባቸውን ሰጥተው መሄድ ጀምረዋል። ያልተቆረጠውን ፈልጌ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ለቀቅኩት።

«አካም? ናጋ?»

ዝም አለ። ሽማግሌው ቆሙ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ የሚጠብቁ ይመስለኛል፤ አልመጣም። አባዬ ከነዝምታው እጄ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው ፊታቸውን ሳያዞሩ «ናጋ» አሉ። አባዬ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ከብቱስ ደህና?» አለ። ልክ እንደሰማቸው። አሁን ዞሩ። ስለ ከብቱ በዝርዝር ነገሩት፤ የሞተችውን ላም ሳይቀር፤ ሲጨርሱ እሱም ዝናቡን ጠየቀ። ተመልሰው ተቀመጡ፣ ብርድ ልብሱን ራሳቸው አለበሱኝ። ሁለቱ ሰላሳ ዓመት የተለማመዱት ነገር ነው፤ የአንዱ መልስ ምን ያህል እንደሚፈጅ ሌላው ያውቃል። አንዲት ጊዜ ብቻ አባዬ ቀደማቸው፤ እሳቸውም «ምን አስቸኮለው» ብለው ሳቁ። ይቅር በለኝ የሚለው ቦታ ሲደርስ ግን ዝምታውን በዝምታ አሳለፉት።

ሲያበቃ «አሁን እኔን ቅረጪኝ» አሉኝ። ጥላ መረጥኩ፣ መስታወቷን ጠረግሁ፣ ክርኔን ከጎኔ አጣበቅኩ፤ እዚያ አቡጀዲ የለም። እሳቸውም ከሰላምታ ጀመሩ፤ ጠየቁ፣ ጠበቁ፣ ጠየቁ፣ ጠበቁ። ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ፤ ትንፍሽ አላልኩም። በመጨረሻ «ለምን ቀረህ?» አሉ። ከዚያ ከሁሉም የረዘመ ዝምታ። ረሱት እንዴ ብዬ ቁልፉ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ «እሺ፤ ሰምቻለሁ» አሉ። ምኑን ሰሙት? ቀጥለው ስለ እኔ አንድ ነገር አሉ። ከፋኝ። በመንገድ ላይ ያቺን ብቻ ላስቆርጣት አስቤ ነበር፤ ከደረሰብኝ በኋላ ግን የመቀስ ነገር አስጠልቶኛል።

አባዬ ሱቁ ውስጥ፣ ጨርቁ መሃል ተቀምጦ አየው። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ሰላምታ መለሰ፤ ጀርባውን እንደሚያመው ጭምር ነገራቸው። «ለምን ቀረህ?» የሚለው ሲመጣ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«መኪናው አልተበላሸም» አለ ለዚያች የክብሪት ቀፎ። «ቀናሁብህ። የአንተ ቤት በወንድ ልጅ ላይ ወንድ ልጅ ተጨመረለት። እኔ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነው ያለኝ ብዬ፣ እግሬ እንቢ አለኝ። ንቄህ አይደለም።»

አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ሱቁን የያዝኩለት፣ ያንን ሁሉ መንገድ የሄድኩለት እኔ። ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት ከካሜራዋ ሽማግሌው «እሺ፤ ሰምቻለሁ» አሉ።

አባዬ እጁን ከፊቱ አነሣ። ይሄኮ ከአራት ቀን በፊት የተቀረጸ ነው ልለው ፈለግሁ፣ ግን ተንሰቅስቆ ሲያለቅስ አየሁና ተውኩት። ሰውየው መልሱን ሳይሰሙ ነው ይቅር ያሉት።

ከዚያ ያቺ ያልቆረጥኳት ነገር መጣች። «የላክሃት ልጅ» አሉ ሽማግሌው፣ «መልስ የመጠበቅ ትዕግሥት የላትም። ግን ጎበዝ ናት፤ አይደለችም?»

ጠየቁና እንደ ወጋቸው ዝም ብለው ጠበቁ። አባዬ ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ፣ ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም ለአንዴ አፌን ዘግቼ ጠበቅሁ።

«ናት» አለ።