ስሟ ብቻ ያለበት ፍላሽ

እዚህ ደባርቅ ያሉት ወጣቶች «ይኼን ነገር ይንገሩንና እንጻፈው» እያሉ ሲወተውቱኝ ከረሙ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ዝናሽ ካረፈች በኋላ፣ ሙት ዓመቷ አልፎ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከልቤ ያልወጣው፣ ልጄን የቀበርኩ ዕለት እንኳ ፍላሹን ይዤ እንደተመለስኩበት ቀን ስላላመመኝ ነው።

እኔ እግሬ አያርፍም። ከዳባት ደባርቅ፣ ከደባርቅ አዲ አርቃይ እወርዳለሁ፤ ሲለኝም ጃናሞራ ዘመድ ጋ እወጣለሁ። ዝናሽ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ዳባት፣ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ስታስር ባሏ አዳነ በስልኩ ቀረጻት። «እማዬ እኮ አንድ ቦታ ከተቀመጠች ሥር የምታወጣ ይመስላታል!» ትላለች። ከዚያ ትስቃለች። ስትስቅ ትን ይላታል። ቪዲዮው ይኸው ነው። ሌላ ድምጽ አልተወችልኝም።

ቪዲዮውን ያስቀመጠልኝ የእህቴ ልጅ ሞላ ነው። ደባርቅ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጽበት ቤት አለው። አዳነ ደግሞ ዳባት ኮፒ ቤት ነበረው፤ የኮምፒውተሩን ሥራ ያስተማረው ሞላ ነው፣ አብረውም ይሠሩ ነበር። የሰው ሠርግ እንዳይጠፋባቸው አንዱን ፋይል ሁለት ቦታ ያኖሩታል። የቱ የት እንዳለ የሚያውቅላቸው አንድ ፕሮግራም አላቸው። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ ጥቁር ነው። ሞላ ይጽፍለታል፣ እሱም በጽሑፍ ይመልስለታል።

«ልጄን የያዘልኝ ይኼ ነው?» አልኩት።

«የለም አክስቴ፤ ይኼ የሚይዘው ያለችበትን ቦታ ነው። ‹የዝናሽ ቪዲዮ የት አለ?› ስለው ‹አንዱ ደባርቅ ሞላ ቤት፣ አንዱ ዳባት አዳነ ቤት› ይለኛል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛም ላም ለርቢ ስንሰጥ እንዲሁ ነው። ላሟ ከእኛ በረት የለችም፤ ማን በረት እንዳለች ግን እናውቃለን። በሽታ ቢገባ ሁሉም በአንዴ እንዳያልቁ እንበትናቸዋለን።

«ያስቀመጥንበት ሰው ቢያርዳትስ?»

ሞላ ሳቀ። «ሌላ ቦታ መኖሯን ሳያረጋግጥ ፕሮግራሙ አላጠፋም ይላል።»

ተመስገን ብዬ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሞላ ቪዲዮ የሚያኖርበትን ሀርድ ዲስክ አቃጠለው፤ ፕሮግራሙ ያለበት ኮምፒውተር ግን ተረፈ። ሞላ ፕሮግራሙን ጠየቀው። የቀረው ዳባት ያለው ብቻ ነው አለ። አዳነ ደግሞ አዲስ ሚስት ለማግባት መሰናዳት ከጀመረ ወዲህ ከሞላ ጋር በሥራ ተለያይተው ነበር። ስልክም አያነሳም።

«እርስዎን አይከለክልም፤ ሄደው ይጠይቁት» ብሎ ሞላ ባዶ ፍላሽ አስያዘኝ።

ዳባት ስደርስ አዳነ አግብቷል። አግባ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ወጣት ነው። የዝናሽ ልጅ ሜሮን ያኔ ገና ሕፃን ናት። እየሮጠች መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። አዲሷ ሚስት በሩን ተደግፋ አየችኝ።

«መጡ ደግሞ? እማማ፣ እግርዎ አይደክመውም እንዴ?» አለች።

አዳነ ልጅቷን ከእግሬ አላቅቆ ወደ ጓዳ ሰደዳት። ኮፒ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠኝ። ድምጹን ከፍ አላደረገም። እንደ ድሮው እማማ እያለ፣ አንቱ እያለ ነው የተናገረው።

«እማማ፣ ልጅቷ እርስዎን ባየች ቁጥር እናቷን ትጠይቃለች። ቤቴ ለቅሶ ቤት ሆነብኝ። ቪዲዮውን እሰጥዎታለሁ። ከእንግዲህ ግን፣ ሜሮን እስክታድግ ደጄን አይርገጡ።»

«ልጄ፣ እሷን አትከልክለኝ።»

«አንዱን ነው የምሰጥዎት። እንቢ ካሉ ልጅቷን ሩቅ ያለች እህቴ ጋ እሰዳታለሁ። ቪዲዮውንም አሁን፣ እያዩ፣ እዚሁ አጠፋዋለሁ።»

አሰብኩ። በሩ የእሱ ነው፤ ከዘጋብኝ ሜሮንን ያው አላያትም። እሷ አባት አላት፣ ታድጋለች። የዝናሽ ሳቅ ግን ከጠፋ ጠፋ ነው። «እሺ» አልኩት። ማርያምን ብለው ይማሉ አለኝ፣ ማልኩ።

ፍላሹን ሰክቶ ነካካ ነካካ አደረገ። «ይኸው እማማ፤ ዝናሽ ይላል። ስሟ ነው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ጎንበስ ብዬ የተጻፈውን ሳምኩት። ሚስቱ ከኋላዬ ከት ብላ ሳቀች።

«በክር ያንጠልጥሉት፣ እንደ ክታብ!»

«ድምጿን አሰማኝ» አልኩት።

«ድምጽ ማጉያው ተበላሽቷል። ሞላ ያሰማዎታል።»

እጄን ይዞ ደረጃውን አወረደኝ። ሜሮን ከጓዳ ስትጠራኝ ሰማሁ። ምያለሁና ዞር አላልኩም።

ፍላሹን እውነትም ከማተቤ ጋር አሰርኩት። ሚኒባስ ውስጥ በመዳፌ ጨብጬው ደባርቅ ገባሁ። ሞላ ሰካው። ነቅሎ ደግሞ ሰካው።

«አክስቴ፣ ስሙ አለ።»

«እህ፣ ክፈታታ!»

«ስሙ ብቻ ነው ያለው። ውስጡ የለም።»

ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም በሁሉም ቤት ያኖራል አለኝ፤ ውስጡ ግን ለብቻው ካልተገለበጠ አይመጣም። አዳነ ይኼን አሳምሮ ያውቃል፤ ሞላ ራሱ ነው ያስተማረው።

ሞላ ኮቱን አነሳ። «ዛሬ እኔና እሱ!» አለ። ለመንኩት፣ አስቀመጥኩት። «መጀመሪያ ጠይቀው እስኪ፣ የት አለች ይላል?» አልኩት።

ጻፈ። «ዳባት፣ አዳነ ቤት ይላል።»

«የመጨረሻዋን አላጠፋም ይላል አላልከኝም?»

«ይላል። ካስገደዱት ግን ያጠፋል።»

ያቺ ቃል አሰረችኝ። ዘመዶች ሽማግሌ እንላክ አሉ፣ እንቢ አልኩ። ከተቆጣ ያጠፋዋል ብዬ ፈራሁ። ሚኒባሱ ዳባት ላይ ሲቆም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ ከወንበሬ ሳልነሳ አልፋለሁ። የሜሮንን ቁመት በሰው ወሬ ነው የተከታተልኩት። ደባርቅ በመጣሁ ቁጥር ግን «እስኪ ጠይቀው» እለዋለሁ ሞላን። «ዳባት አለች» ይለኛል። በዚያ እጽናና ነበር። አሳዳጊ ቤት እንዳለች ላም አድርጌ አስባት ነበር።

ዓመታት ሄዱ። አምና አንዲት ረዘም ያለች ልጅ አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፋ ሞላ ቤት ገባች። እኔ ከጥግ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ።

«አባቴ ለትምህርት ሰጥቶኝ ነው። ድሮ ኮፒ ቤት ይሠራበት የነበረ ነው። ይጸዳልኝ» አለች።

«አባትሽ ማነው?»

«አዳነ። ከዳባት።»

ሞላ እኔን አሳያት። «እኚህን ታውቂያቸዋለሽ?» አየችኝ። «አላውቃቸውም» አለች።

«አያትሽ ናቸው።»

አልተጠመጠመችብኝም። በቆመችበት ቀረች።

«እርስዎ ነዎት እንዴ የእናቴን ድምጽ የወሰዱት?» አለችኝ። «አባቴ ‹ይምረጡ ብላቸው ካንቺ ድምጿን መርጠው ይዘው ሄዱ› ብሎኛል። አልተቀየምኩም። እኔ ድምጿን አላውቀውም። አንዴ ብቻ ያሰሙኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።»

ፍላሹን ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠኋት። ውስጡ ባዶ መሆኑን ሞላ ነገራት። የእናቷን ስም አነበበች። እኔ ግን ልቤ ዘለለ። «ልጄ፣ ዳባት ነው ያለችው ይል የለ! ያንን ኮምፒውተር ይኸው ተሸክመሽው መጣሽ!» አልኩ። ሞላም ሁለቱን ኮምፒውተሮች በሽቦ አገናኛቸው። አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው የሚነግረው ሲገናኙ ብቻ ነው። ያኔ ጠየቀው።

መልሱን ያነበበችልኝ ሜሮን ናት። «የትም የለም ይላል» አለች።

አሁን ሜሮን ገበያ ስትመጣ እኔ ጋ ትቀመጣለች። «እንዴት ነበር የምትስቀው?» ትለኛለች። እሞክርላታለሁ፤ አይወጣልኝም። የራሴ ሳቅ ሆኖ ይቀራል። አዳነን አልረግመውም፤ የልጅቷ አባት ነው። የሚያንገበግበኝ ሚኒባሱ ዳባት ላይ ቆሞ ነጠላዬን ፊቴ ላይ የሳብኩት ነው።

ፕሮግራሙ መቼ ምን እንደጠፋ ይመዘግባል። ሞላ ያን ዕለት ሊነግረኝ ፈርቶ ነበር፤ ዘንድሮ ነው የነገረኝ። ቪዲዮው የጠፋው አዳነ ለአዲሷ ሙሽራ ቤቱን ኖራ ባስቀባበት ሳምንት ነው። እኔ ፍላሽ ይዤ ደጁ ስደርስ፣ አጠፋዋለሁ ብሎ ሲያስፈራራኝ፣ ሠርጉ አልፎ፣ ኖራው ደርቆ፣ ልጄ ከዚያ ኮምፒውተር ከወጣች ቆይታ ነበር።