በማሽላ ጉድጓድ የከረመች መኪና

«ላት? በአላህ፣ አባ፣ የበግ ላት ነው የቀባሃት?»

«ቀስ ብለህ ተናገር» አለ አባቴ። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። «ሰው ውጭ አለ።»

«ላት ነው ወይ ያልኩህ?»

«አዎ፣ ላት ነው። አቅልጬ። ምንሽሬን የምቀባውን ነው የቀባኋት። የቀረችኝን በሙሉ ለሷ ጨረስኩት።»

የጽሕፈት መኪናዬ በመካከላችን፣ ተጠቅልላበት በነበረው የላም ቆዳ ላይ ተቀምጣለች። ከማሽላው ጉድጓድ የወጣችው አሁን፣ በዚሁ ጠዋት ነው። ጎረቤቶቻችን ደጅ ላይ እህሉን እየቀዱ ያወጣሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ሰው ከስር አንድ ነገር ሲል ከላይ ያሉት ይስቃሉ። እኔና አባቴ ደግሞ እነሱ እንዳይሰሙን በሹክሹክታ እንጣላለን።

መኪናዋን ያገኘኋት ቆቦ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ይጽፉ ከነበሩ ሽማግሌ ነው። ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ተዉት፤ እኔም አባቴ የሰጠኝን ጊደር ነድቼ ሄጄ በመኪናዋ ለወጥኳት። ሻንጣዋ ውስጥ ስትገባ በአንድ እጅ የምትያዝ፣ ጭን ላይም አስቀምጠው የሚመቱባት ትንሽ መኪና ነበረች። አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። «ትታለባለች ወይ?» ይሉኝ ነበር ገበያ ላይ። ይሳቁ። ግጥሞቼን በእጄ እየጻፍኩ አዲስ አበባ ወዳለ ጋዜጣ ልኬ ልኬ መልስ አጥቻለሁ። በመኪና ያልተመታ ነገር ከነፖስታው እንደሚጥሉት የነገረኝ አንድ አስተማሪ ነው። ያለ እሷ አንድም ቃሌ ከቆቦ አይወጣም።

ስለዚህ ተንከባከብኳት። በእኛ ቆላ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አቧራው ድስት ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ፊደል የሚመቱትን ክንዶቿን በዶሮ ላባ እጠርጋለሁ፤ በላምባ አጥባለሁ፤ ከልብስ ሰፊው የለመንኩትን ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብ አደርግላታለሁ። ወረቀቱ የሚጠቀለልበት ጎማ አርጅቶ ጠጥሮ ነበር፤ ፊደሉ ወረቀቱን ይበሳዋል። የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጬ አለበስኩት። ድምጿ ሳይቀር ለዘበ። ሪባኗ ሲደርቅ በማኅተም ቀለም አራስኩት። የሻንጣዋ መቆለፊያ የተሰበረ ስለነበር ጓጉንቸር ገጠምኩላትና ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ፣ ከክታቤ ጎን አንጠለጠልኩ።

ከዚያ በእጁ የጽሕፈት መኪና ያለ ሁሉ ለቀበሌ ያስረክብ ተባለ። ወረቀት የሚበትኑ ሰዎች እየተፈለጉ ነበር። እኔ የበተንኩት ወረቀት የለም፤ የጻፍኩት ስለ ዝናብና ስለ አንዲት ልጅ ነው። ይህን ግን የሚጠይቅ አልነበረም። መኪና ያለው ሁሉ በታኝ ነው። አላስረከብኩም።

ፍተሻው የመጣ ቀን ሮቢት አጠገብ ባለች መንደር መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ነበር። አጨዳው አልቆ ማሽላው ተወቅቷል፤ ጉድጓዱ ሞልቶ አፉ ገና አልተደፈነም። አባቴ ፈታሾቹ ቤታችን ሳይደርሱ ጓጉንቸሩን በመጥረቢያ ሰብሮ መኪናዋን አወጣ፤ ላት ቀባት፤ በቆዳ ጠቀለላትና ማሽላው ውስጥ ቀበራት። ማታውኑ ጉድጓዱ ተከደነ፤ በጭቃና በእበት ተለሰነ።

በእኛ አገር ጉድጓድ በድብቅ አይከፈትም። አንዴ ከተከፈተ ሁሉም መውጣት አለበት፤ አየር የነካው እህል አይከርምም። ታፍኖ የቆየው ትንፋሹም ሰው ይገድላል። እሱ እስኪወጣ ይጠበቅና ጎረቤት ተሰብስቦ ሰው በገመድ ያወርዳል። እንክፈተው ባልኩት ቁጥር አባቴ «ለማን ልታሳያት ነው?» ይለኛል። እናም ያን ሁሉ በጋ በላይዋ እየረገጥኩ ተመላለስኩ። ክረምት ገብቶ የቤቱ እህል ሲያልቅ ጉድጓዱ ተከፈተ። አባቴ ራሱ ቀድሞ ወረደና ጥቅሉን ታቅፎ ወጣ። «የአባቴ ኮርቻ ነው» አላቸው።

«ይበቅላል ብለህ ነው የዘራኸው?» አለው አንዱ ጎረቤት።

አሁን ቤት ውስጥ አንዱን ፊደል በጣቴ ጫንኩት። አራት ክንዶች ተጣብቀው አብረው ተነሱ፤ አልተመለሱም። ላቱ አቧራና እብቅ ይዞ እንደ ሰም ደርቋል። ከስሩ ዝገት አለ።

«ብረት ነው» አለ አባቴ። «ምንሽሬም ብረት ነው። መሣሪያ ሲሰበሰብ እዚያው ጉድጓድ ከርሞ እንደ መስታወት ሆኖ ነው የወጣው።»

«ምንሽርህ ያለው አንድ አፈሙዝ ነው። ይቺን እያት። ጎማዋንም ንካው።»

ነካው። ካላማዳሪያው አብጦ እንደ ሊጥ ጣቱ ላይ ቀረ።

«ስብ ጎማ ይበላል» አልኩት።

«ጎማ እንዳላት በምን አውቄ? ቆልፈህባት ቁልፉን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ሄድክ። ከኔ ነው የቆለፍከው?»

«ከማንም።»

«አቦ፣ ተወኝ» አለ።

«በከንቱ ነው እኮ የቀበርካት። እማ ነግራኛለች። ፈታሾቹ አልጋ ስር እንኳ አላዩም። መደቡ ላይ ተቀምጠው ጫትህን ቅመው፣ እርጎህን ጠጥተው ሄዱ።»

«እርጎውን የሰጠኋቸው በኋላ ነው» አለ። «ፊት ጉድጓዱን ነው ያዩት። አንዱ አፉ ላይ ቆሞ ማሽላውን በዱላ ወጋ ወጋ አደረገው። እናትህ ጓዳ ነበረች፤ አላየችም። እርጎውን ሳቀርብ እጄ ላት ስለነበር ዋንጫው አሟለጨኝ። ሽማግሌው ተንቀጠቀጠ ብለው ሳቁብኝ።»

ይህን አልሰማሁም ነበር። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም የሚያርፍበት ሲያጣ ባሰበት። ከፈታሾቹ አንዱ አብሮኝ የተማረ ልጅ እንደነበር አውቃለሁ።

«ደሴ እወስዳታለሁ» አልኩት። «ፈታትቶ የሚጠግናት ሰው አለ።»

«በየት አድርገህ?»

«በአውቶቡስ።»

«ጎብዬ ላይ ኬላ አለ። ሻንጣ ሁሉ ይፈታል። ምን ልትላቸው ነው?»

«ኮርቻ ነው እላቸዋለሁ።»

አልሳቀም። «አትወጣም» አለ።

«የኔ ናት።»

«ያንተ ናት። አትወጣም።»

«እንግዲያውስ አንተው ብታስረክባት ይሻል ነበር» አልኩት። «ቢያንስ በጤናዋ ትኖር ነበር።»

አባቴ መኪናዋን ትክ ብሎ አያት።

«እሷስ ትኖር ነበር» አለ።

ከውጭ ጎረቤቱ ተጣራ። «ኧረ አንተ ባለ ኮርቻ፣ ፈረሱን እየጫንክ ነው? ጆንያ አልቆብናል።» ሰዎቹ ሳቁ።

«መጣሁ» አለ አባቴ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ጎንበስ ብሎ ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። መያዣውን ዝገት በልቶት ስለነበር ከነዘንጉ ተነቅሎ ወጣ። ከጋቢው ስር ሸጎጠው። ጠመንጃ ከልጅ ሲያርቅም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ጥይቱን ለብቻ ይደብቃል።

«አባ፣ መልሰው።»

«ያለዚህ አትጽፍም አይደል?»

«አትጽፍም።»

«ደህና። ኬላው ሲነሳ ትጠይቀኛለህ።»

«ኬላው ሲነሳ እኔ እዚህ አልገኝም።»

«የት ትሆናለህ?»

አባቴ ጣቶቹን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ የካላማዳሪያው ጥቁር ነጩ ላይ ቀረ። ያንን ወደ ውስጥ አጠፈው። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ለጎረቤት የሚሆን ፈገግታ ፊቱ ላይ አበጀና፣ መኪናዋ ከውጭ እንዳትታይ በሩን በስሱ ከፈት አድርጎ በጎኑ ሾልኮ ወጣ። የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።