የሚስማር ፈቃድ

የምንኖረው ጉለሌ፣ በአብዮቱ ተወርሶ የቀበሌ በሆነ ቤት ነው። የቀድሞዋ ባለቤት እትዬ እዚያው ግቢ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ አሉ። በቀደም አባቴ የወጣትነት ፎቶውን ግድግዳ ላይ እንድሰቅልለት አዘዘኝ፤ ቡጢውን ጨብጦ «ትርፍ ቤት ይወረስ» እያለ ሰልፍ የወጣበትን። መዶሻ ሳነሳ ግን ክንዴን ያዘኝ።

«መጀመሪያ እትዬን አስፈቅድ።»

«ቤቱ የመንግሥት አይደለም እንዴ?»

«ነው። አስፈቅድ ብያለሁ።»

ሃምሳ ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል፤ ዛሬም ለአንዲት ሚስማር ደጅ እጠናለሁ። እየተነጫነጭኩ ሄድኩ።

እትዬ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩና ጭቃው ሚስማር የሚችልበትን ቦታ አሳዩኝ። ፎቶውን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ያኔም እንዲህ ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር።»