ሞተራችን የጾመበት ሁዳዴ

ባለቤቴ መንገድ ላይ የወደቀ ብሎን ካየ ሳያነሳው አያልፍም። ቤታችን ለእንግዳ የሚሆን ወንበር ይጠፋ ይሆናል እንጂ ሽቦና ቁራጭ የጎማ ካላማዳሪ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ እዚህ እስቴ፣ ወንዙ ዳር ለሽንኩርታችን ውሃ የሚስበው ሞተር በአንገቱ በኩል ማፍሰስ ሲጀምር፣ እኔ ስደነግጥ የእሱ ፊት በራ።

ሞተሩ የእኛና የጎረቤታችን ነው። እርሳቸው ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፤ መደባችን ጎን ለጎን ስለሆነ በአንድ ቦይ ተራ በተራ እናጠጣለን። የእርሳቸው ሽንኩርት ከፋሲካ በኋላ ለሚያወጡት የባላቸው ተዝካር የታሰበ ነው። ችግኙን ያን ደካማ ወገባቸውን ይዘው በገዛ እጃቸው ተክለውታል።

ዘንጉ በሚገባበት በኩል ውሃውን የሚያግደው ጎሚኒ ተበልቷል። አዲሱ ደብረ ታቦር ይገኛል ቢባልም ያን ሰሞን መንገዱ ዝግ ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ካላማዳሪ ጠመጠመበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ተፈንጥሮ ሄደ። ቀጥሎ ሳሙና ደፈነበት፤ ቦዩ አረፋ በአረፋ ሆነ። «የሚታጠብ ልብስ ላምጣ?» አልኩት። አልሳቀም። ሰም ሞከረ፤ ሞተሩ ሲግል ቀለጠ። ሽቅብ የሚወጣው ውሃ ጭላጭ ብቻ ሆነና የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀመረ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ፣ አልኩ በሆዴ።

በመጨረሻ ለቀሚሴ ያስቀመጥኩትን ልቃቂት ሳያስፈቅደኝ ወሰደ። ፈትሉን ገመደው፣ ከቅበላ በተረፈ ሞራ ነከረው፣ በዘንጉ ዙሪያ ጠቀጠቀው። ማፍሰሱ ቀጥ አለ! ቦዩ ሞልቶ ሲመጣ ባየሁ ጊዜ ልቆጣው ያሰብኩትን ረሳሁት።

ተራው የጎረቤታችን ነበር። ሞተሩ ሲግል ሽታው ወጣ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አሉ።

«ሞራ ነው፣ እማማ» አለ ባለቤቴ በኩራት።

«በሁዳዴ?» አሉና አፈሩን በእግራቸው ገፍተው ቦዩን ደፈኑት።

«እማማ፣ ሽንኩርት ጦም ያውቃል እንዴ? ተዝካሩስ በፍስክ አይደለም?»

«ፍስክ ሲሆን ይፍሰክ! ሰውዬው ሁዳዴን ሳይገድፍ የኖረ ነው። በጦም ሞራ የጠጣ ሽንኩርት በተዝካሩ አላበላበትም።»

የንስሐ አባታቸው እንኳ መጥተው ምንም ኃጢአት የለበትም ቢሏቸው፣ «እርስዎስ ይፈቱኛል፤ ሰውዬው ግን ይታዘበኛል» አሏቸው። ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ። እኔ ግን መሳቁ አቃተኝ፤ የእኛ መደብ ለምልሞ የእርሳቸው ጎን ለጎን ሲጠወልግ ማየት ያማል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሮጊቷ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይትና አንድ ነጭ ልቃቂት ይዘው መጡ። «ያንን አውጣና በዚህ ጠቅጥቀው። ሞተሩም ከኛ ጋራ ይጡም» አሉት።

ልቃቂቱን አወቅሁት። ለባላቸው ጋቢ ብለው ሲፈትሉት የነበረው ነው፤ ሳይሸመን ሰውዬው ሞቱ። ለባለቤቴ በጆሮው ብነግረው፣ የሰው ዕቃ ሳይጠይቅ የሚያነሳው ሰው በሁለት እጁ ተቀበላቸው። እንደ ሞራው ባይሆንም ያዘ፤ ጠብ ጠብ እያለ ውሃው ወጣ። ቦዩን የከፈቱት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሁዳዴን ሙሉ ባለቤቴ ዘይት እያጠጣው ከረመ፤ ለእኔ እንኳ እንዲያ ተጨንቆ አያውቅም።

በፋሲካ ማግስት አሮጊቷ እኛ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ባለቤቴ ወዳለበት ወደ ወንዙ ወረዱ። በጨርቅ ቋጥረው የያዙት ሞራ ነበር።

«በል ቀባው፤ ይፍሰክ፣ እሱም ከኛ እኩል ጡሟል» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፈትሉን ግን እንዳታወጣው» አሉ።

መንገዱ ከተከፈተ ቆየ፤ አዲሱ ጎሚኒም ተገዝቷል። ባለቤቴ ግን ከለቀማቸው ብሎኖች ጋር አስቀምጦታል።